ድመትና ውሻው ይብቃን፣ «ፑል አፕ» አስተምሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቨርጂኒያ ሆኜ በኢንተርኔት የማነብ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለሱ የሚጽፍላችሁ አታጡም። ነገሬ በኋላው ገጽ ላይ ስለምትወጣው የእንግሊዝኛ ዓምዳችሁ ነው። በየሳምንቱ ኢዲየም፣ ማለትም ከቃላቱ ቀጥታ ፍቺ የማይገመት አባባል፣ ትደረድራላችሁ፣ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። በቅርቡ ደግሞ ያቺን የማታረጅ «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» አመጣችኋት። ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ ማለት ነው ብላችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ። እዚህ ሀገር ከመጣሁ ጀምሮ ይህችን አባባል ከአንድ አሜሪካዊ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዝናቡ ሲወርድ «ኢትስ ፖሪንግ» ይላሉ፣ አለቀ። ድመትና ውሻ የሚዘንበው እኛ ደብተር ላይ ነው።

እኔ ሀገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አሁን ለከባድ መኪና ሾፌሮች ዲስፓቸር ነኝ። ሎድ፣ ማለትም ጭነት፣ እፈልጋለሁ፣ ጭነቱን ከሚያገናኘው ደላላ፣ ብሮከር ከምንለው፣ ጋር በዋጋ እከራከራለሁ፣ ሾፌሩን ከሚጫንበት ወደሚራገፍበት እልካለሁ። አብዛኞቹ ሾፌሮቼ የእኛው ልጆች ናቸው። ስልኬ አያርፍም፣ እና ከሚደወልልኝ ውስጥ ስንቱ ስለ መንገድ ወይም ስለ ክፍያ ሳይሆን «ጋሼ፣ ሰውየው ምን እያለኝ ነው?» የሚል እንደሆነ ብታውቁ ትገረማላችሁ።

ሰውየው ደግሞ ከባድ ቃል እየተናገረ እንዳይመስላችሁ። መንገድ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ እንዲህ ይላል፦ «ጎ አሄድ ኤንድ ፑል አፕ ቱ ዘ ላይን፣ ሸት ኢት ኦፍ ኤንድ ስቴፕ አውት ፎር ሚ።» እዚህ ውስጥ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የማያውቀው ቃል የለም። ጎ፣ ፑል፣ አፕ፣ ላይን፣ ሸት፣ ኦፍ፣ አውት። ሁሉም የሚታወቁ ናቸው። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ልጁ መሪውን እንደያዘ ይደርቃል። «ፑል» ሳበ፣ «አፕ» ወደ ላይ ብሎ የሸመደደ ሰው ምኑን ይሳብ? ወዴትስ ወደ ላይ? ሰውየው ያለው ግን እስከ መሥመሩ ጠጋ በል፣ ሞተሩን አጥፋና ውረድልኝ ብቻ ነው።

ይህ አሁን የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደንብ የከባድ መኪና ሾፌር ከሕዝብ ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ለማንበብ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ጥያቄ ለመመለስና ሪፖርት ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ያዛል። ደንቡ ድሮም ነበር፣ ግን ለዓመታት በዚህ ምክንያት ሾፌር ከመንገድ አይወጣም ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 ትእዛዝ ፈረሙ፣ ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ መግባባት ያቃተው ሾፌር እዚያው እንዲቆም ይደረጋል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይጠይቁታል። በዚያ ሰዓት ስልክ አውጥቶ በማስተርጎሚያ መመለስ አይቻልም። ሎዱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ብሮከሩ እኔ ላይ ይጮሃል፣ የልጁ የወር ገቢ ይበላሻል። ሕጉ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው።

ግስ እንደ «አፕ» ካለች ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም ሲሰጥ ፍሬዛል ቨርብ ይባላል። «ፑል» ብቻዋን ስንት ጉድ እንዳላት ተመልከቱ። «ፑል ኦቨር» ዳር ያዝና ቁም ነው። «ፑል ኢን» ግባ፣ «ፑል አውት» ውጣ፣ «ፑል አፕ» እዚህ ድረስ ጠጋ በል፣ «ፑል አሄድ» ትንሽ ወደ ፊት ሂድ፣ «ፑል ስሩ» ከዚህ ገብተህ በዚያ በኩል ውጣ። መጋዘን ውስጥ አንዱን በሌላው የቀየረ ሾፌር ሌላ መኪና ጋር ሊላተም ይችላል። «ባክ»ም እንደዚሁ ናት። «ባክ አፕ» ወደ ኋላ ንዳ ነው፣ «ባክ ኦፍ» ራቅ በል፣ ተወኝ ነው። «ባክ አውት» ደግሞ ከተስማሙ በኋላ ሐሳብ መቀየርም ይሆናል። ብሮከሩ «ዘይ ባክድ አውት» ሲል መኪናው ወደ ኋላ ወጣ እያለ አይደለም፣ ሥራው ቀረ እያለ ነው።

እስቲ ይህን ሁሉ የትኛው ዓምዳችሁ አስተማረን? «ኤ ፒስ ኦፍ ኬክ» በጣም ቀላል ነገር ማለት እንደሆነ ግን አስተምራችሁናል። ሦስት ጊዜ ሳትደግሙት አትቀሩም።

በነገራችን ላይ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ይህንኑ ጽፏል። ግሱን አንዲት ትንሽ ቃል ከኋላው እየቀጠልን ትርጉሙን እንቀይረዋለን፣ ለባዕድ ሰው ትልቁ ችግር የሚመጣውም ከዚህ ነው ብሏል። እኛ ላይ የባሰው ትምህርት ቤት የምንማረው እንግሊዝኛ የመጽሐፍ ስለሆነ ይመስለኛል። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱና የሊቃውንቱ ላቲን ሆነ። ገበሬው በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬም ለአንድ ነገር ሁለት ቃል አለ። ማስተላለፍ ወረቀት ላይ «ፖስትፖን»፣ አፍ ላይ «ፑት ኦፍ»። መታገሥ ወረቀት ላይ «ቶሌሬት»፣ አፍ ላይ «ፑት አፕ ዊዝ»። መመርመር ወረቀት ላይ «ኢንቬስቲጌት»፣ አፍ ላይ «ሉክ ኢንቱ»። የእኛ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ስለሚማር የወረቀቱን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ከዚያ እዚህ መጥቶ የፀጉር ቀጠሮውን «ፖስትፖን» ያደርጋል። ይገባቸዋል፣ ስህተትም የለበትም፣ ግን ጓደኛህን ቡና እየጠጣህ «ወደ መኖሪያ ቤቴ በማምራት ላይ እገኛለሁ» እንደማለት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ግን ሲናገር አይደለም፣ ሲሰማ ነው። ሌሎቹ ለእሱ ብለው በወረቀቱ እንግሊዝኛ አያወሩለትም።

ደግሞ ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ መሆን አልነበረበትም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል። «በሉ» እዚያ ውስጥ መናገር ነው እንዴ? ቁጭ በል፣ ብድግ በል፣ ዞር በል፣ ፈቀቅ በል፣ ሰብሰብ በሉ፣ ቆየት ብለህ ና። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ብሎ ይዞ ይመጣና እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። እኛ ግን በዝርዝር ተምረነው አናውቅም። ልጅ ሆነን ጠጋ በል ተብለን፣ ካልተጠጋን በክንድ ተገፍተን ነው ያወቅነው። ቃሉና ሁኔታው አንድ ላይ ገቡ። እንግሊዝኛው ላይም ይህ ሲሆን አይቻለሁ። አዲስ አበባ ያለ የፕሪሚየር ሊግ ተመልካች «ኪክ ኦፍ» ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ማን «ሴንት ኦፍ» እንደተደረገ፣ «ታፕ ኢን» ምን ዓይነት ጎል እንደሆነ ማንም አላስተማረውም። ቢሮ ውስጥ «ፎሎው አፕ አድርጊልኝ»፣ «ፋይሉን ባክ አፕ አድርገው»፣ «ሎግ ኢን አድርግ» የምንለውስ? በ«አድርግ» ጠቅልለን አማርኛ አደረግናቸው እኮ።

አስተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ጋርድነርና ዴቪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት መቶ ሚሊዮን ቃል የሚሆን የብሪታንያ እንግሊዝኛ ስብስብ ውስጥ ፍሬዛል ቨርቦችን ቆጠሩ። ተደጋግመው የመጡት ጭምር ሲቆጠሩ ከአምስት መቶ ሺህ ይበልጣሉ። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን ሃያ ግሶች ከስምንት ትንንሽ ቃላት ጋር እየተጣመሩ የሚሠሯቸው ናቸው። ጎ፣ ካም፣ ቴክ፣ ጌት፣ ፑት፣ ተርን፣ ፒክ የመሳሰሉት፣ ከአፕ፣ አውት፣ ኦን፣ ኦፍ፣ ኢን፣ ዳውን፣ ባክና ኦቨር ጋር። ሃያና ስምንት! ይህን ስሰማ እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ደብተር ሙሉ ስለምናስገለብጣቸው ልጆች ነው።

ታዲያ ትንንሾቹን ቃላት ማስተዋወቅ ያዋጣል። «አፕ» ብዙ ጊዜ መጨረስን፣ መሙላትን ታሳያለች፦ «ፊል ኢት አፕ» ጥግ ድረስ ሙላው፣ «ዩዝ ኢት አፕ» ጨርሰህ ተጠቀምበት፣ «ክሊን ኢት አፕ» ሙልጭ አድርገህ አጽዳው። «ኦፍ» መለየት አለባት፦ «ድሮፕ ኦፍ» አድርሶ መጣል፣ «ካት ኦፍ» ቆርጦ መለየት፣ «ቴክ ኦፍ» ማውለቅ። «ኦን» መቀጠል፦ «ጎ ኦን»፣ «ኪፕ ኦን»። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። እንዲያውም ክፉዋ ምሳሌ «ጎ ኦፍ» ናት። «ዘ ላይትስ ዌንት ኦፍ» ሲሉ መብራቱ ጠፋ ነው። «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ» ሲሉ ግን አላርሙ ጮኸ ነው። ተቃራኒ! አንድ ሾፌር ማቀዝቀዣ ያለው ትሬይለር፣ ሪፈር የምንለውን፣ እየጎተተ ነበር። ነዳጅ ማደያ ላይ አንድ ሰው መጥቶ አላርምህ «ኢዝ ጎይንግ ኦፍ» አለው። የእኔ ልጅ አመስግኖ ምሳውን ቀጠለ። ሲደውልልኝ «ጠፍቷል አለኝ፣ ታዲያ ጥሩ አይደል?» ነው ያለኝ። ዕቃው ሥጋ ነበር። ደግነቱ በጊዜ ተደረሰበት።

ስልክ ላይም እንደዚሁ። «ሀንግ ኦን» ካለህ ጠብቅ ነው። «ሀንግ አፕ» ካለህ ዝጋው ነው። አንዲት ትንሽ ቃል ናት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሙዚቃ እየሰማህ ወረፋ ከጠበቅክበት ቢሮ የምታስወጣህ ወይም የምታስገባህ። «ሆልድ ኦን»ም ጠብቅ ነው። «አይ ጋት ሄልድ አፕ» ግን ዘገየሁ፣ አንድ ነገር ያዘኝ ነው። በጠመንጃ መዘረፍም «ሆልድ አፕ» ይባላልና አንድ ሾፌር ይህን ሰምቶ ፖሊስ ልጥራ ወይ ብሎኝ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የሆስፒታልና የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚሠሩት እህቶቻችን ናቸው፣ ባለቤቴም ከእነሱ አንዷ ናት። «ሺ ፓስድ አውት» ማለት ራሷን ሳተች ነው፣ ሩጡ፣ አምቡላንስ ጥሩ ነው። «ሺ ፓስድ አዌይ» ዐረፈች ነው። ለቤተሰብ ስልክ ደውሎ ሁለቱን ማደባለቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። የእናንተ ዓምድ ደግሞ በዚህ ፈንታ «ኪክ ዘ በኬት» ማለት ሞተ ማለት ነው ብሎ ጽፏል። ልክ ነው፣ ሞተ ማለት ነው። ግን የቀልድ አነጋገር እንደሆነ፣ ለሐዘንተኛ ፊት የማይባል እንደሆነ አልጻፋችሁም። አንዱ ቅን ሰው የአለቃው እናት ሲያርፉ ያንን ብሎ ሊያጽናና ቢሄድስ?

ስለዚህ ኢዲየምን በተመለከተ አቋሜ ይህ ነው። ኢዲየም ለጆሮ ነው፣ ለአፍ አይደለም። ሲሉት ይግባን እንጂ እኛ ለማለት አንቸኩል። ቅርፁ ድርቅ ያለ ስለሆነ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ያስቃል፣ ደግሞ ቦታው ካልሆነ ያሳፍራል። ፍሬዛል ቨርብ ግን ለጆሮም ለአፍም ነው፣ ያለሱ አንድ ቀን አይታደርም። ጊዜያችንንና ገጻችንን በዚህ መጠን እናካፍለው። ኢዲየም ካስተማራችሁም አሜሪካኖች በየቀኑ የሚሏቸውን አምጡ። ብዙዎቹ ከቤዝቦል የመጡ ናቸው፣ ለዚህም ነው ገምተን የማንደርስባቸው፣ ጨዋታውን አናውቀውማ። መካኒኩ «ቦልፓርክ፣ ኤይት ሀንድረድ» ሲል በግምት ስምንት መቶ ዶላር ገደማ ማለቱ ነው፣ ስለ ቤዝቦል ሜዳ እያወራ አይደለም። «አይል ቴክ ኤ ሬይን ቼክ» ያለችህ የሥራ ባልደረባ ዛሬ አይመቸኝም፣ ሌላ ጊዜ ይሁን እያለችህ ነው፣ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ለሌላ ቀን ከሚሰጠው ትኬት የመጣ ነው። «ሌትስ ታች ቤዝ» ደግሞ ትንሽ እንነጋገር ነው። ከኳስ የመጣውን ግን፣ ለምሳሌ የጎሉን ቋሚ አንቀሳቀሰብኝ የሚለውን፣ ለኛ ሰው አንዴ ከነገራችሁት ይበቃዋል። ሕጉን መሀል ላይ ቀየረብኝ ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ድምፁ። ጋዜጣ ድምፅ የለውም ትሉኝ ይሆናል፣ ግን ቴሌግራም ቻናል አላችሁ። ምክንያቱም እነዚህ ነገሮች ሲነገሩ ተፈጭተው ነው የሚወጡት። «ፒክ ኢት አፕ»፣ አንሳው ማለት፣ ወረቀት ላይ ሦስት ቃል ነው፣ የአሜሪካኑ አፍ ላይ «ፒኪዳፕ» ነው። «ሸት ኢት ኦፍ» ደግሞ «ሸዲዶፍ»፣ «ፊል ኢት አውት» «ፊሊዳውት» ነው። ልጁ ሦስት ቃል እየጠበቀ አንድ ቃል ይመጣበታል። ጠበቅ የምትለዋም የመጨረሻዋ ናት፣ ያቺ ንቃችሁ የምታልፏት ትንሿ ቃል። ይህን አንዴ የነገርኩት ሾፌር በሁለተኛው ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ አሁን እየሰማሁ ነው» አለኝ። ቋንቋው አልተሻሻለም ገና፣ የት ማድመጥ እንዳለበት ግን አወቀ።

ስታትሙም «ፒክ አፕ» ብላችሁ አታትሙ፣ «ፒክ ኢት አፕ» በሉ። «ኢት» መሀል እንደምትገባ አብሮ ይለመድ። «ፒክ አፕ ኢት» የሚል ስንት ዲግሪ ያለው ሰው አለ መሰላችሁ። «ሉክ ፎር ኢት»፣ ፈልገው የሚለው፣ ላይ ግን «ኢት» መጨረሻ ናት፣ መሀል አትገባም። ይህንን በሕግ ማስረዳት ይቻላል፣ እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ኖራ ጨርሼበታለሁ። ከሕጉ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ መያዝ ይቀላል። ታክሲና አውቶቡስም ላይ እንደዚያው፣ እኛ ከሁለቱም እንወርዳለን፣ እነሱ ከአውቶቡስ «ጌት ኦፍ»፣ ከመኪና «ጌት አውት» ይላሉ። ለምን አትበሉ።

የእንግሊዝና የአሜሪካ ልዩነትም አለ፣ ግን ብዙ አያስጨንቅ። ፎርም መሙላት እንግሊዝ «ፊል ኢን»፣ አሜሪካ «ፊል አውት» ነው፣ ሁለቱም ይግባባሉ። «ዋሽ አፕ» እንግሊዝ ዕቃ ማጠብ፣ እዚህ እጅና ፊት መታጠብ ነው። አንዷን ብቻ ላስጠንቅቅ። በድሮ የእንግሊዝ መጽሐፍ «ኖክ ሚ አፕ» የሚል ካገኛችሁ በር አንኳኩተህ ቀስቅሰኝ ማለት ነው። አሜሪካ ሆቴል ገብታችሁ እንዳትሉት፣ እዚህ አስረግዘኝ ነው ትርጉሙ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ዝርዝሩን አስቀሩና በየሳምንቱ አንድ ቦታ ምረጡ። አንድ ሳምንት ስልክ፣ አንድ ሳምንት ባንክ፣ አንድ ሳምንት ክሊኒክ፣ አንድ ሳምንት ኤርፖርት። እዚያ ቦታ ሰው የሚለውን አምስት ስድስት ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትሙ፣ የምንመልሰውንም ጨምሩበት። ይህ ለውጭ ሀገር ሰው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ቦሌ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበል ልጅ፣ አየር መንገድ ልትቀጠር የምትፈልግ ልጅ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት በኢንተርኔት የሚሠራ ወጣት ይሄው ነው የሚያስፈልጋቸው። ለፈተና የሚያጠናውም ቢሆን ዓረፍተ ነገሩን ከያዘ ምርጫ ጥያቄው አያቅተውም። አንድ ቃል አምስት ትርጉም ካለው አምስቱንም በአንድ ቀን አታፍሱት። «ቴክ ኦፍ»ን ኤርፖርት ላይ አውሮፕላኑ ተነሳ ብላችሁ አስተምሩ፣ ፍተሻው ጋ ጫማ ማውለቋን ጨምሩ፣ ሌላው ይቆይ።

አዘጋጁ ሰው የለንም ካሉ እኔ አለሁ። ሾፌሮቼ ያልገባቸውን ዓረፍተ ነገር በድምፅ እየቀዱ ይልኩልኛል፣ ብዙ አስቀምጫለሁ፣ የሰው ስም እየሰረዝኩ እየጻፍኩ ያለ ክፍያ እልክላችኋለሁ። የስልኩን ሳምንት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ሁለተኛው የመንገድ ፍተሻው ነው፣ እሱን ለመላክ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህር
ከቨርጂኒያ